ደመናው የማን ነው?

ይህን የምጽፍላችሁ ከዲማ ነው። ወሩ ነሐሴ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነው፤ ቤቱ ግን እንደ ማታ ጨልሟል። ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ የዋለው ዝናብ እኩለ ቀን ላይ ዶፍ ሆኖ ወረደና አሁን ወደ ካፊያው ተመልሷል። ከደጃችን ያለው ዛፍ በጉም ተውጦ አይታይም። ከትናንት ወዲያ የታጠበው ልብስ ከምድጃው በላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ጢስ ጢስ እየሸተተ ነው። ፀሐይን በደንብ ያየሁት መቼ እንደሆነ ብትጠይቁኝ ጣት መቁጠር ይኖርብኛል።

ዲማን ምናልባት የምታውቋት ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ይሆናል። በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚያ ልብ ወለድ ፊታውራሪ መሸሻና ልጃቸው ሰብለ ወንጌል የሚኖሩት እዚሁ ነው። ወይም ስለ ዲማ ጊዮርጊስ ገዳምና ስለ ጎጃም የቅኔ ትምህርት ሰምታችሁ ይሆናል። እኔ ዛሬ ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ደመናው፣ ይልቁንም ስለ ደመናው ስለምንናገረው ነገር ነው።

ርዕሱ ትንሽ መስሎ ከታያችሁ አልፈርድባችሁም። «ዛሬም ሊዘንብ ነው»፣ «ኧረ ይኼ ብርድ» ማለት ምን ቁም ነገር አለው? ሰው አፉን የሚያፍታታበት ወሬ ነው። እኔም እንዲህ አስብ ነበር። በዚህ ትንሽ ርዕስ ምክንያት ግን ታናሽ እህቴን በሰው አገር አንድ ሙሉ የብርድ ወቅት ብቻዋን ተውኋት። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አብራችሁኝ እንድታስቡ እለምናችኋለሁ። በሚከብደን ነገር ላይ ማማረር ስሕተት ነው ወይ? ስሕተት ከሆነስ ሌላውን «አታማርር» የማለት መብት ያለው ማን ነው?

የእናቴ ሕግ

በእኛ ቤት ዝናብን ማማረር ክልክል ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ የሐምሌ ጠዋት ከብት ነድቼ ወጣሁ። የለበስኩት ገሳ አርጅቶ ውኃ ያስገባ ነበርና ጀርባዬ ራሰ። ተመልሼ ገብቼ «ምን ዓይነት የተረገመ ዝናብ ነው!» አልኩ። እናቴ ሊጥ እያቦካች ነበር። እጇን ከቡሃቃው ሳታወጣ ቀና ብላ አየችኝና «አፍህን ያዝ! እህሉ ይሰማሃል» አለችኝ።

ያኔ ጤፍ ጆሮ ያለው መሰለኝ። ለብዙ ጊዜ በማሳ አጠገብ ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

ካደግሁ በኋላ ነው ሕጉ ከየት እንደመጣ የገባኝ። እናቴ በ1977 ዓ.ም. ወጣት ነበረች። በዚያ ዓመት ደመናው በወሎና በትግራይ ሳይመጣ ቀረ፤ ቁጥሩ የበዛ ሕዝብ አለቀ። ከወሎ ብዙ ቤተሰቦች በሰፈራ ወደ መተከል፣ ወደ ፓዌ ተወሰዱ፤ መተከልም ያኔ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል ነበር። የዚያ ዘመን ሰው ባዶ ሰማይ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ለእናቴ ዝናብን መርገም የጎረቤትን እንጀራ መርገም ነበር።

ክረምት ግን ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ሕጉን ከማድነቄ በፊት ክብደቱን ልናገር። ኩበቱ በበጋ ካልተጠፈጠፈና ካልተከማቸ በሐምሌ የሚነድ ነገር የለም፤ እርጥብ እንጨት ደግሞ ከእሳት ይልቅ ጢስ ይሰጣል። በርበሬም ብቅልም ለማስጣት ፀሐይ የለም፤ ለአንድ ሰዓት ብራ ሲሆን ስጡ ይወጣል፣ ሰማዩ ሲጠቁር ሁሉም ሮጦ ያስገባል። የጎተራው እህል የሚያልቀው በእነዚሁ ወራት ነው፤ አዲሱ ደግሞ ገና ቡቃያ ነው። መሬታችን ዋልካ ነውና ጭቃው ጫማ ይነጥቃል። ወንዙ ከሞላ የታመመን ሰው ተሸክሞ መሻገር አይቻልም። አልፎ አልፎም በረዶ ይወርድና የአንድ ቤተሰብ የዓመት ተስፋ በሩብ ሰዓት ውስጥ መሬት ላይ ይተኛል።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ የበዛው ሸክም የሚወድቀው በሴቶች ላይ ነው። ጢሱም፣ ስጡም፣ የማይደርቀው ልብስም፣ የጎደለው ጎተራም የእናቶች ናቸው። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

አንድ ደመና፣ ብዙ ባለቤት

አገራችን ለውጭ ሰው ለብዙ ዓመታት ስትተዋወቅበት የነበረው መፈክር የ13 ወር ፀሐይ ያላት አገር የሚል ነበር። ይህን ያወጡት የቱሪዝማችን አባት የሚባሉት ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። ቱሪስት ፀሐይ ፈልጎ ይመጣልና መፈክሩ ሥራውን ሠርቷል። በነሐሴ የጎጃምን ጭቃ እየረገጠ ያነበበው ሰው ግን ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የእኛ ደመና ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበት የተሸከመ ነፋስ ከሕንድ ውቅያኖስና ከአትላንቲክ አቅጣጫ ይነሣል። ከደጋው ተራራ ጋር ሲጋፈጥ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከእሷ በስተሰሜን ያለው ጮቄ ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ጮቄ ያንን ደመና ይይዘዋል፤ እንደ ስፖንጅ ያጠራቅምና ቀስ እያለ ይለቅቀዋል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ የሚነሡት ከዚያ ነው። ሁሉም ወደ አባይ ይወርዳሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ግብፅ ከሚደርሰው የናይል ውኃ 85 ከመቶ ገደማ የሚሄደው ከኢትዮጵያ ደጋ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ የሚጠብቀውም ይህንኑ ክረምት ነው። በዲማ የአንዲት እናት ልብስ አልደርቅ ብሎ የሚያናድዳት ደመና፣ በካርቱም የአትክልት ማሳ ያጠጣል፣ በካይሮ ዳቦ ይሆናል፣ በአዲስ አበባ ደግሞ አምፖል ያበራል።

ደመናው የማን ነው? በእኔ ጣራ ላይ ስለቆመ የእኔ ይመስለኛል። የሚከብደኝ እኔን ነውና የመፍረድ ሙሉ መብት ያለኝ ይመስለኛል። እውነቱ ግን እኔ ከብዙ ባለቤቶች አንዱ ነኝ። የሚጠቅመውና የሚጎዳው ሰው በአንድ ቦታ አልተቀመጠም።

እዚሁ አገራችን ውስጥ ይህን ጥሩ አድርጎ የሚያሳይ ታሪክ አለ። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ከአይስላንድ የመጡ ሚሲዮናውያን በደቡብ ኢትዮጵያ በኮንሶ ሥራ ጀመሩ። አይስላንድ ደመናና ነፋስ የማይለያት፣ በታኅሣሥ በዋና ከተማዋ ቀኑ ከአራት ሰዓት ብዙም የማይረዝምባት ደሴት ናት። እነዚያ ሰዎች ከልጅነታቸው ጀምሮ ፀሐይ የናፈቁ ናቸው። የደረሱት ደግሞ ፀሐይ በሞላበት፣ ዝናብ በሚናፈቅበት ምድር ነበር። ኮንሶዎች የወረደችውን እያንዳንዷን ጠብታ ለመያዝ ተራራውን ከላይ እስከ ታች በድንጋይ እርከን የሠሩ ሕዝብ ናቸው፤ እርከናቸውም ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አንዱ ሰማዩ እንዲገለጥ ሲጸልይ ያደገ፣ ሌላው ሰማዩ እንዲጠቁር ሲጸልይ ያደገ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆመው ወደ አንድ ሰማይ ተመለከቱ። ደመና በሚታይበት ቀን «መልካም ቀን ነው» ያለው የትኛው ይሆን?

እስከዚህ ድረስ የእናቴ ሕግ ትክክል ነው። ከማማረራችን በፊት ያማረርንበት ነገር የማን እንጀራ እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል። ጽሑፌን እዚህ ጋ ባቆም ደስ ባለኝ ነበር። ግን አልችልም።

ጥላዋን ያጣችው እህቴ

ታናሽ እህቴ በሰሜን ኖርዌይ፣ ከአርክቲክ ክበብ ብዙም በማትርቅ አንዲት የባሕር ዳር ከተማ አረጋውያንን በመንከባከብ ሥራ ትተዳደራለች። ስለዚያ አካባቢ የምናስበው ብዙውን ጊዜ ስሕተት ነው። «በረዶ ቤት ውስጥ ይኖራሉ» እንላለን። ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቃት የባሕር ሞገድ ጠረፉን ስለሚያለዝበው ብርዱ እንደምንፈራው አይደለም። በጥር አማካዩ ከዜሮ ዲግሪ ብዙም አይርቅም፤ በሐምሌም 13 ዲግሪ ገደማ ነው። የእኛ የሐምሌ ቀንና የእነሱ የሐምሌ ቀን በሙቀት ያን ያህል አይራራቁም። የአየር ጠባይ አጥኚዎች እንዲህ ያለውን ጠረፍ የሚለዩት አማካይ ሙቀታቸው ከ10 ዲግሪ የሚያልፍ ወራት ከአንድ እስከ ሦስት ብቻ በመሆናቸው ነው። የፋሮ ደሴቶችና የአይስላንድ ደቡባዊ ጠረፍም ከዚሁ ወገን ናቸው። አይገድልም፣ አያቃጥልም፤ ግራጫ ነው። የፋሮ ዋና ከተማ ቶርስሃውን በዓመት የምታገኘው ፀሐይ 1,000 ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ከእኛ የሚለያቸው ትልቁ ነገር የብርሃኑ መጠን ነው። በጎጃም ደመናው የቱንም ያህል ቢከብድ ቀኑ ከአሥራ አንድ ሰዓት ተኩል አያንስም፤ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ከጉሙ በስተጀርባም ቢሆን ይነጋል። እሷ ባለችበት ግን በታኅሣሥ ፀሐይዋ ከተራራው በላይ ብቅ አትልም። የሚታየው ደመናው ሥር የሚንጠባጠብ ደብዛዛ ብርሃን ነው፤ እሱም ቶሎ ይጠፋል።

ከሄደች በሁለተኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ደወለችልኝ። ብዙ ካወራን በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ ጥላዬን ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ» አለችኝ።

ምን ብዬ እንደመለስኩ በደንብ አስታውሳለሁ። «አንቺ ልጅ፣ አመስግኚ እንጂ! ቤትሽ ይሞቃል፣ ደመወዝሽ በወሩ ይገባል። እዚህ ስንቱ ያንቺን ቦታ እንደሚመኝ ረሳሽው?» አልኳት። ቀጥዬም እየሳቅሁ «አፍሽን ያዢ፣ እህሉ ይሰማሻል» አልኳት። እሷም ትንሽ ሳቀችና «እሺ ጋሼ» አለች።

ከዚያ በኋላ እስከ ሚያዝያ ድረስ አልደወለችም። በየሳምንቱ መጨረሻ መልእክት ትልካለች፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» የሚል ብቻ። ሳነብ ደስ ይለኝ ነበር። ምክሬ የሠራ መስሎኝ ነበር።

በሚያዝያ ስትደውል ነው የሆነውን ያወቅሁት። በእነዚያ ወራት ከሥራ ስትመለስ ሳታወልቅ ትተኛ ነበር። ስትነሣ ደግሞ ያልተኛች ያህል ይደክማታል። ጸሎት አቅቷት ነበር፤ እሱም ከምንም በላይ አሳፍሯት ነበር። «እኔ ምስጋና ቢስ ነኝ፣ እምነቴ ደርቋል» ብላ ራሷን ትወቅስ ነበር። አንድ ቀን ለሌላ ጉዳይ ጤና ጣቢያ ሄዳ ነርሷ «በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለሽ?» ብላ ስትጠይቃት አለቀሰች። «ከገባሁ ጀምሮ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም» አለችኝ። ከዚያ ቀጥላ ያለችውን መስማት ከበደኝ፤ «ላንተ መንገር ፈልጌ ነበር፤ ግን ልትቆጣኝ ነው ብዬ ፈራሁ»።

ያኔ ነው ማንበብ የጀመርኩት። ኖርማን ሮዘንታል የተባለ የሥነ አእምሮ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1984 እ.ኤ.አ. የብርሃን ወራት ሲያጥሩ የሚመጣ፣ ብርሃን ሲመለስም የሚለቅ የድብርት ሕመም መኖሩን ገልጸው ጽፈዋል። እንቅልፍ መብዛት፣ ጉልበት ማጣት፣ ከሰው መሸሽ ምልክቶቹ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ለዚሁ በተሠራ ደማቅ መብራት ፊት መቀመጥ ከተለመዱት ሕክምናዎቹ አንዱ ነው። በተጨማሪም የእኛን የመሰለ ጥቁር ቆዳ በደካማ ፀሐይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው በዝግታ ነው። በእንግሊዝ የጤና ባለሥልጣናት ጥቁር ቆዳ ያላቸው ሰዎች ዓመቱን ሙሉ በቀን 10 ማይክሮግራም ቫይታሚን ዲ መውሰድን እንዲያስቡበት የሚመክሩት ለዚህ ነው። እህቴም ደሟ ተመርምሮ መድኃኒቱን ጀመረች፤ መብራቱንም አገኘች።

ልብ በሉ ወዳጆቼ። እሷ እምነቷ የደረቀ መስሏት ነበር። እኔም ምስጋናዋ የጎደለ መስሎኝ ነበር። ሰውነቷ ግን ብርሃን እየለመነ ነበር።

የረሳሁት ጋቢ

ለብዙ ሳምንታት አንድ ነገር ሲያስጨንቀኝ ቆየ። እናቴ ያለችኝና እኔ ለእህቴ ያልኩት ቃል በቃል አንድ ነው። ታዲያ የእናቴ ቃል እኔን ሰው ሲያደርገኝ፣ የእኔ ቃል እህቴን ለምን ሰበራት?

መጀመሪያ ያገኘሁት መልስ እናቴ ያን ቃል ስትናገር ከእኔ ጋር በአንድ ደመና ሥር ነበረች የሚል ነው። እኔ የራሴ ጥላ እግሬ ሥር ተዘርግቶ፣ በታኅሣሥ የዲማ ፀሐይ ደጅ ላይ ተቀምጬ እየሞቅሁ ነበር እህቴን «አታማርሪ» ያልኳት። በእኔ ላይ ያልወደቀውን ሸክም ሌላው በምስጋና እንዲሸከም ማዘዝ ርካሽ ነገር ነው።

ሁለተኛው መልስ የመጣልኝ ግን ዘግይቶ ነው። ያን የሐምሌ ጠዋት እንደገና ሳስታውስ አንድ የረሳሁት ነገር ትዝ አለኝ። እናቴ «አፍህን ያዝ» ካለችኝ በኋላ እጇን ታጠበች። የራሰውን ገሳ ከጀርባዬ ላይ አወለቀችና ምድጃው አጠገብ ሰቀለችው። ከዚያ የለበሰችውን ጋቢ አውልቃ አለበሰችኝ። ቀኑን ሙሉ ያለ ጋቢ ዋለች።

ቃሉን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይዤ ስዞር ጋቢውን ረስቼው ነበር።

ብዙዎቻችን የምንወርሰው እንዲህ ነው። ከወላጆቻችን፣ ከአገልጋዮቻችን ተግሣጹን እንይዛለን፤ ተግሣጹን እውነተኛ ያደረገውን ነገር እናጣለን። በወጣቶች ኅብረት መካከል አንዱ «ከብዶኛል» ሲል «በርታ፣ አመስግን፣ ከአንተ የባሰ አለ» እንላለን። ሁሉም ትክክል ነው። ጋቢው ግን የት አለ?

«ምስጋና ታዲያ ግዴታ አይደለም ወይ?» የሚል ካለ፣ ነው እላለሁ። ግን መዝሙረ ዳዊትን ግለጡ፤ ከመዝሙሮቹ እጅግ ብዙዎቹ የልቅሶና የአቤቱታ ጸሎቶች ናቸው። ማጉረምረምና ማልቀስ አንድ አይደሉም። የሚያጉረመርም ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ያማል፤ የሚያለቅስ ግን ፊቱን አዙሮ ይናገራል። እህቴ «ጥላዬን ካየሁ ሁለት ወር ሆነኝ» ስትለኝ ፊቷን ወደ እኔ አዙራ ነበር። እኔ ጀርባ መስጠት አስተማርኳት። ለራሴ አፍ ልጓም እንዲሆን የተሰጠኝን ሕግ ለእሷ አፍ መዝጊያ አደረግሁት።

ሰሜኖቹ የሚያውቁት

«እንግዲያ አመለካከት ዋጋ የለውም» ወደሚል ደግሞ እንዳትሄዱብኝ። ካሪ ሊቦዊትዝ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ከ2014 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ቆይታ፣ ሰዎች የጨለማውን ወቅት እንዴት እንደሚያዩት ከኖርዌያዊ ባልደረባዋ ጋር አጥንታ ነበር። በትሮምሶ ከኅዳር መጨረሻ አካባቢ እስከ ጥር አጋማሽ ድረስ ፀሐይ ከአድማስ በላይ አትወጣም። ጨለማው በበዛበት ቦታ ሰዎች የበለጠ ያዝናሉ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ያገኘችው ግን ወደ ሰሜን በተሄደ ቁጥር ሰዎች ወቅቱን የሚያዩበት ዓይን የበለጠ ቀና መሆኑን ነው። ወቅቱን እንደ ስጦታ የሚያዩትም በሕይወታቸው የበለጠ የረኩ ሆነው ተገኙ።

ይህ ጥናት «አስተሳሰብህን ቀይር፣ ትድናለህ» አይልም፤ በሽታን በሐሳብ ብቻ ማባረር ይቻላል ማለትም አይደለም። የእነዚያ ሰዎች አመለካከት ግን ባዶ ሐሳብ አይደለም፤ በብዙ ትንንሽ ልማድ ላይ የቆመ ነው። ሻማ ያበራሉ፣ ይጠራራሉ። ዝናብ ሳያባራ ወጥተው ይራመዳሉ። መጥፎ አየር የለም፣ መጥፎ ልብስ እንጂ የሚል አባባል አላቸው። በአይስላንድ ደግሞ ከመሬት በሚወጣ ሙቅ ውኃ የሚሞሉ የመዋኛ ገንዳዎች በየከተማው አሉ፤ ሰዉ በካፊያው መካከል እዚያ ተቀምጦ ያወጋል። እኛም እኮ ይህን እናውቃለን። ገሳ የፈለሰፈ ሕዝብ ነን። የጎጃም ክረምት ማታ ምን እንደሆነ የዲማን ልጅ ጠይቁት፤ በምድጃው ዙሪያ ቆሎ እየተቆረጠመ ተረት ይወራል፣ ቡና ይፈላል፤ ጎረቤትም እሳት ልትጭር መጥታ ትቀራለች።

እህቴንም ያነሣት መብራቱ ብቻ አልነበረም። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነገሩን ስትሰማ ምንም አልመከረቻትም። በማግስቱ በምሳ ሰዓት ካፖርቷን ይዛ መጣችና «ልበሺ፣ እንውጣ» አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘነበ አልዘነበ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት አብረው ይራመዳሉ። ብዙም አያወሩም። እህቴ ቋንቋው ገና ይከብዳታል።

የመላጥያ እሳት

በሐዋርያት ሥራ መጨረሻ ላይ ያለውን የመርከብ መሰበር ታሪክ ታስታውሳላችሁ። ጳውሎስና አብረውት የነበሩት 276 ነፍስ በማዕበል ሲንገላቱ ለብዙ ቀን ፀሐይም ኮከብም ሳያዩ ቆዩ። ተስፋ ቆርጠው ነበር። በመጨረሻ እርጥብ እንደሆኑ መላጥያ በተባለች ደሴት ጠረፍ ላይ ተጣሉ። ዝናብም ብርድም ነበር።

የደሴቲቱ ሰዎች ያደረጉትን ተመልከቱ። እነዚያ እንግዶች ከሞት ያመለጡ ናቸውና «ተመስገን በሉ፣ ተርፋችኋል» ማለት ይቻል ነበር። ዝናቡ ለማሳቸው ምን ያህል እንደሚጠቅም ማስረዳትም ይቻል ነበር። ሁሉም እውነት ነው። እነሱ ግን እሳት አነደዱላቸው። ጳውሎስም ራሱ ጭራሮ ሰብስቦ ወደዚያ እሳት ጨመረ። የሚገርመኝ ይህ ነው፤ የሞቀው ሰው ወዲያው እንጨት ለቃሚ ሆነ።

ይህን ካሰብኩ በኋላ ዘንድሮ በሐምሌ አንድ ማታ እናቴን ጠየቅኋት። ልጆች ሳለን በእርጥብ እንጨት እሳት እፍ ስትል እንባዋ ይወርድ ነበር። «ምን ሆንሽ?» ስንላት ሁልጊዜ «ጢሱ ነው» ትለን ነበር። «እማዬ፣ ያ ሁሉ ጢስ ነበር?» አልኳት። እሳቱን ስትቆሰቁስ ቆየችና «ጢሱም ነበር» አለችኝ። ከዚያም «እናንተ ስታማርሩ ከሰማሁ እኔም እጀምራለሁ ብዬ እፈራ ነበር» አለች። ያን ሕግ ያወጣችው ከሁሉ ይልቅ ለራሷ ነበር። እኛ ግን እሳቱን እንኳ እፍ አላልንላትም።

ያ የአገራችን የቆየ መፈክር በአማርኛ ሲነገር ፀሐይ የሚለው ቃል ጠፍቶ «የ13 ወር ጸጋ» ሆኗል። ማን እንደለወጠው አይደለም የሚያሳስበኝ፤ መለወጡ ደስ ይለኛል። ፀሐይ 13 ወር ሙሉ የላትም፤ ሐምሌና ነሐሴ ምስክር ናቸው። ጸጋ ግን ደመናውንም ሊይዝ ይችላል፤ ለማሳው ዝናብ ሆኖ፣ ለራሰ ልጅ ደግሞ ጋቢ ሆኖ ይመጣል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እለምናችኋለሁ። የራሳችሁ ደመና ሲከብዳችሁ ከማጉረምረማችሁ በፊት የማን እንጀራ እንደሆነ ጠይቁ። ሌላው ሰው ደመናው እንደከበደው ሲነግራችሁ ግን ይህን ጥያቄ ለእሱ አታቅርቡለት። «በቀን ስንት ሰዓት ትተኛለህ?» በሉት። ካፖርቱን ይዛችሁለት ሂዱ። ለወራት ካልደወለች እህታችሁ «ደህና ነኝ» የሚል መልእክት ብቻ ከመጣላችሁ ደስ አይበላችሁ፤ ደውሉላት።

ትናንት ማታ እህቴ ደውላ ነበር። እዚያ ደግሞ አሁን በጋ ነው፤ ሌሊቱ ግን መርዘም ጀምሯል። «እዚያ እንዴት ነው?» አለችኝ። «ጭቃው ሰልችቶኛል፣ ጫማዬ አንዱ ማጥ ውስጥ ቀርቷል» አልኳት። ሳቀችና «እህሉ ይሰማሃል ጋሼ» አለችኝ። ከዚያ ግን ስልኩን አልዘጋችም። «እስቲ ንገረኝ፣ የትኛው ጫማህ ነው?» አለችኝ።